ፈጥኖ የደረሰ መኪና ለምን ማለፍ ያቅተዋል?

ጥያቄ፦ «ፎርሙላ ዋን ማየት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ከኋላ ያለው መኪና በየዙሩ ግማሽ ሰከንድ እየቀነሰ ይመጣል። ልክ ሲደርስበት ግን ቀጥ ይላል። ሃያ ዙር ሙሉ ተለጥፎ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ እየተቀዳደሙ ይውላሉ። ፈጥኖ የደረሰ መኪና ለምን አያልፍም? ሾፌሩ ፈርቶ ነው? ከወንድሜ ጋር ተከራክረን አልተግባባንም።»

ምላሽ፦

ፍርሃቱን እንተወው። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሾፌር ክፍተት አይቶ ዝም ብሎ የሚተው ሰው አይደለም። ጥያቄው ክፍተቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

መልሱን ከቅዳሜ ልጀምር። ቅዳሜ የማጣሪያ ውድድር አለ። ፈጣኑ 1ኛ ይሰለፋል፣ ቀጣዩ 2ኛ፣ እንዲህ እያለ እስከ ጭራው። ስለዚህ እሁድ መኪኖቹ የሚነሱት ከፈጣን ወደ ቀርፋፋ ተደርድረው ነው። ሁሉም እንደ ቅዳሜው ቢነዳ ማንም ማንንም ደርቦ የሚያልፍበት ምክንያት የለም። ዙር በዙር እየተራራቁ መሄድ ብቻ ነው። ለማለፍ የግድ ቅዳሜ ያልነበረ ልዩነት እሁድ መፈጠር አለበት። የጎማ ልዩነት፣ የባትሪ ልዩነት፣ ዝናብ፣ የአንዱ ስህተት። የቀረው ሁሉ ይህን ልዩነት የማጉላት ወይም የመግደል ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ግማሽ ሰከንዷ እንምጣ። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። እናስላው። አንድ ዙር 90 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ግማሽ ሰከንዷ በእነዚህ 90 ሰከንዶች ላይ ተበትና ነው ያለችው። ለማለፍ የሚመቸው ረጅሙ ቀጥታ መንገድ 12 ሰከንድ ከወሰደ፣ እዚያ ላይ የሚደርሰው ድርሻ 0.07 ሰከንድ አይሞላም። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በቃ፣ የአንድ መኪና ርዝመት! ደርቦ ለማለፍ ደግሞ መጀመሪያ መሃላቸው ያለውን ክፍተት ማጥፋት አለበት። ከዚያ ወጥቶ ጎኑ መድረስ አለበት። 5 ሜትር የትም አያደርሰውም።

ይህ እንግዲህ ግማሽ ሰከንዷ ሳትነካ ብትቀርለት ነው። ግን አትቀርም።

የፎርሙላ ዋን መኪና መታጠፊያ ላይ በዚያ ፍጥነት የሚያልፈው አየር ወደ መሬት ስለሚጫነው ነው። የፊትና የኋላ ክንፎቹ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሆዱ ሥር ያለው ወለል፣ አየሩን ተጠቅመው መኪናውን አስፋልቱ ላይ ይለጥፉታል። ዳውንፎርስ የሚባለው ይህ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ይህ ጫና ከመኪናው ክብደት በላይ ይሆናል። ችግሩ ክንፍ ሥራውን የሚሠራው ንጹህ አየር ሲያገኝ ነው። ከፊት ሌላ መኪና ካለ የሚደርሰው አየር የተተራመሰና የደከመ ነው። ትልቁን ትርምስ የሚያመጡት ደግሞ ጎማዎቹ ናቸው። መከለያ የላቸውም። በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከሩ አየሩን ገርፈው ነው ወደ ኋላ የሚለቁት።

ምን ያህል ይጎዳል? ለ2022 ደንቡ ሲቀየር ፎርሙላ ዋን የራሱን ስሌት አውጥቶ ነበር። በቀድሞዎቹ መኪኖች ከፊት ካለው በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ መኪና 35 በመቶ ዳውንፎርሱን ያጣል። 10 ሜትር ሲቀርብ 46 በመቶ።

ግማሹን ገደማ ማለት ነው። ሾፌሩ መሪውን ያዞራል፤ አፍንጫው እሺ አይልም። መኪናው ወደ ውጭ እየተገፋ ይሄዳል። እግሩን ከነዳጁ ላይ ማንሳት ይኖርበታል። የፊት ጎማዎቹ እየተንሸራተቱ ስለሆነ ላያቸው ይግላል። የጋለ ጎማ ደግሞ አስፋልቱን አይነክስም። አለመንከሱ መልሶ ያንሸራትተዋል። ሁለት ሦስት ዙር እንዲህ ከሄደ ያቺ ግማሽ ሰከንድ የለችም። «ልክ ሲደርስበት ቀጥ ይላል» ያልከው ይህንን ነው። ብቻውን ሲሄድ ፈጣን ነበር። ሲጠጋ ግን መኪናው ያ መኪና አይደለም።

ታዲያ ሰው እንዴት ያልፋል? ያው አየር ሌላም ፊት አለው። በአዳማው ፈጣን መንገድ ከትልቅ ተሳቢ ኋላ ጠጋ ብሎ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ የንፋሱ ጩኸት ጋብ ይላል፣ መኪናው ይቀለዋል። ከፊት ያለው አየሩን ሰንጥቆልሃል። ስሊፕስትሪም የሚሉት ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ስለሚጨምር በ300 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በ1971 ሞንዛ ላይ ፒተር ጌቲን ሮኒ ፒተርሰንን በ0.01 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። ከ1ኛ እስከ 5ኛ የወጡት በሙሉ በ0.61 ሰከንድ ውስጥ ነበር የገቡት። ያኔ ሞንዛ ላይ ፍጥነት የሚያበርዱት ጠባብ ዚግዛጎች አልነበሩም። ሁሉም እየተጓተተ፣ መሪነቱን እየተቀባበለ ነበር የሚሄደው። በዓመቱ ዚግዛጎቹ ተሠሩ፣ ያ ዓይነት ውድድርም አበቃ።

እንግዲህ ያው አንድ አየር ቀጥታው ላይ ይሰጥሃል፣ መታጠፊያው ላይ ይነጥቅሃል። ማለፍ የሚቻለው ከተነጠቅከው የተሰጠህ ሲበልጥ ነው። ይህ ደግሞ የሚወሰነው ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ላይ አይደለም። ካሜራው እዚያ ስለሚያተኩር ይመስላል እንጂ። የሚወሰነው ከቀጥታው በፊት ካለው መታጠፊያ ሲወጡ ነው።

ሌላ ትንሽ ስሌት። በሁለቱ መኪኖች መሃል ያለው ክፍተት ግማሽ ሰከንድ ነው እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሚታለፍ ቀርፋፋ መታጠፊያ ላይ ይህ 11 ሜትር ነው። በ300 ላይ ግን ያው ግማሽ ሰከንድ 42 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከፊት ያለው ቀድሞ ነዳጅ ስለሚረግጥ ክፍተቱ በዓይናችን ፊት ይለጠጣል። ብዙ አዲስ ተመልካች «አመለጠው!» የሚለው ይህንን አይቶ ነው። አላመለጠውም፤ ሰዓቱ ያው ነው። ግን አሳዳጁ ከመታጠፊያው በደንብ ካልወጣ፣ ለምሳሌ የኋላ ጎማው ተንሸራቶ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ከጠፋበት፣ ቀጥታው ማለቂያ ላይ ያቺ ስህተት 17 ሜትር ገደማ ሆና ትጠብቀዋለች። ስሊፕስትሪሙ ይህን አይከፍልም።

ስለዚህ ለማለፍ የሚመች ትራክ ምን ዓይነት ነው ብትለኝ፣ ቀርፋፋ መታጠፊያ፣ ከዚያ ረጅም ቀጥታ፣ መጨረሻው ላይ ኃይለኛ ፍሬን እልሃለሁ። ቀርፋፋው መታጠፊያ የሚጠቅመው እዚያ ፍጥነት ላይ ዳውንፎርስ ብዙም ስለማይሠራ ነው። የተረበሸው አየር የሚነጥቀው ነገር ትንሽ ነው። ባህሬንና ሻንጋይ እንዲህ ናቸው። በፈጣን መታጠፊያዎች የተሞላ ትራክ ግን ለብቻ ሲነዱበት ያምራል፣ ለማሳደድ ግን መከራ ነው።

እዚህ ጋ የቤልጂየሟን ስፓ ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። 2000 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ። ሚካኤል ሹማከር በፌራሪ ይመራል፣ ሚካ ሃኪነን በማክላረን ያሳድዳል። ውድድሩ የተጀመረው በርጥብ አስፋልት ነበር፤ እየቆየ ደረቀ። የሹማከር መኪና ለዝናቡ ብዙ ዳውንፎርስ ተደርጎለታል። አስፋልቱ ሲደርቅ ያ ክንፍ ቀጥታው ላይ ሸክም ነው። ልዩነት ማለት ይኸው። ሃኪነን በ40ኛው ዙር ኬመል በሚባለው ረጅም ቀጥታ ላይ ሞከረ። ሹማከር በ300 ፍጥነት መንገዱን ዘጋበት። በ41ኛው ዙር እንደገና መጣ። አሁን ከፊታቸው አንድ ዙር የተደረበው ሪካርዶ ዞንታ መሃል መንገድ ላይ አለ። ሹማከር በግራ በኩል አለፈው። ሃኪነን በቀኝ። ለጥቂት ቅጽበት ሦስቱ ጎን ለጎን ሆኑ። ለሃኪነን ሁለት መኪኖች አየር እየሰነጠቁለት ነበር። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ የውስጡን መስመር ይዟል፤ ውድድሩንም አሸነፈ። ሰው ድፍረቱን ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሁሌም ዓይኔ የሚሄደው ወደ ክንፎቹ ነው። ሁለቱም እኩል ክንፍ ቢኖራቸው ያ ድፍረት የሚወጣበት ቦታ አያገኝም ነበር።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለግህ አቡ ዳቢ 2010ን ፈልገህ እይ። ፈርናንዶ አሎንሶ የዓመቱን ዋንጫ ለመውሰድ 4ኛ መውጣት ይበቃው ነበር። ቡድኑ ፌራሪ ተፎካካሪው ማርክ ዌበር እንዳይቀድመው ብሎ ጎማ ለማስቀየር ቶሎ ጠራው። ሲመለስ ከቪታሊ ፔትሮቭ ሬኖ ኋላ ወደቀ። ፔትሮቭ ጎማውን በመጀመሪያው ዙር ቀይሯል፤ እንደገና መቆም አያስፈልገውም። መኪናው ደግሞ ቀጥታ ላይ ፈጣን ነው። አሎንሶ 40 ዙር ገደማ ከኋላው ተለጥፎ ጨረሰ። 7ኛ ወጣ። ዋንጫውን ሰባስቲያን ፌትል በ4 ነጥብ ልዩነት ወሰደ። የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው እንግዲህ፣ በዚያ ዓመት ገና ጀማሪ የነበረን ሾፌር ማለፍ ያቃተው። ፈርቶ ነበር የሚል ካለ ይቅረብና ያስረዳ።

በማግስቱ ዓመት ዲአርኤስ መጣ። በዚያ ውድድር ምክንያት የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ውሳኔው ግን ቀድሞ በ2010 አጋማሽ የተላለፈ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በተወሰነ መስመር ላይ ከፊት ካለው በ1 ሰከንድ ውስጥ ከሆንክ ቀጥታው ላይ የኋላ ክንፍህ ይከፈታል። ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ፍጥነትህ ይጨምራል። ከፊት ያለው መክፈት አይፈቀድለትም። ሠርቷል? ሠርቷል። አንዳንዴ ከሚገባው በላይ። ቀጥታው ገና ሳይጋመስ ዞር ብሎ ማለፍ ሆነ፤ ከፊት ያለው የሚከላከልበት ዕድል አልነበረውም። በሌላ በኩል አምስት ስድስት መኪና ተከታትሎ ሁሉም በ1 ሰከንድ ውስጥ ሲሆን ሁሉም ይከፍታል። ከመጀመሪያው በስተቀር ሁሉም እኩል ይሆናል፣ ማንም አያልፍም። ዲአርኤስ በሽታውን ሳይሆን ትኩሳቱን ነበር የሚያክመው የምለው ለዚህ ነው።

በሽታውን ለማከም የተሞከረው በ2022 ነው። ዳውንፎርሱ በብዛት ከመኪናው ሆድ ሥር እንዲመጣ ተደረገ። ከኋላ የሚወጣው አየርም ወደ ላይ ተነስቶ ከአሳዳጁ በላይ እንዲያልፍ ተነደፈ። በዚያው ስሌት መሠረት በ20 ሜትር ላይ የሚጠፋው ወደ 4 በመቶ፣ በ10 ሜትር ወደ 18 በመቶ ወረደ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በእርግጥ ይታይ ነበር፤ መኪኖች ፈጣን መታጠፊያ ላይ ጭምር ይጠጋጉ ነበር። ከዚያ ቡድኖቹ መሐንዲሶች ቀጥረዋልና ሥራቸውን ሠሩ። አየሩን ወደ ጎን የሚገፉ ነገሮችን በየጥጉ ሸጉጠው አስገቡ። ለራሳቸው መኪና ጥሩ የሆነው ለተከታዩ መጥፎ ነው። በ2024 እና በ2025 ሾፌሮቹ እንደ ድሮው መጠጋት አልተቻለም እያሉ ሲያማርሩ ነበር። ይህ ሁሌም ይደርሳል። ለተከታዩ የሚያስብ መሐንዲስ የለም፤ ደመወዙም ለዚያ አይደለም።

ስለ ፍሬን አንድ ነገር። የካርቦን ፍሬን ድንቅ ነው፣ ለማለፍ ግን ጠላት ነው። ሞንዛ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከ330 በላይ ከሆነ ፍጥነት ወደ 80 አካባቢ ለመውረድ 3 ሰከንድ አይሞላም። ርቀቱ በጣም አጭር ነው። «ዘግይቶ ፍሬን ያዘ» ሲባል የተረፈው ጥቂት ሜትር ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ይህ ቦታ ይረዝማል። የደፋርና የጠንቃቃ ልዩነት ወደ አሥር፣ ሃያ ሜትር ይሰፋል። ሁሌ የሚነዳበት መስመርም ብቸኛው ጥሩ መስመር መሆኑ ይቀራል። በ2024 ማክስ ፈርስታፐን ሳኦ ፓውሎ ላይ ከ17ኛ ተነስቶ ያሸነፈው በዝናብ ነው።

ከመኪናው ዓይነት የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ። ሽፍን ጎማ ያላቸው መኪኖች ጎን ለጎን ሲነካኩ ቀለም ይላጣል፣ በሩ ይጎደጉዳል፣ ይቀጥላሉ። እዚህ ግን የአንዱ የፊት ጎማ የሌላውን የኋላ ጎማ ከነካ፣ ጎማ በጎማ ላይ ይወጣና መኪናው ይነሳል። ስለዚህ ሾፌሩ ግማሽ ክፍተት አይቶ መግባት አይችልም። ሙሉ ክፍተት ያስፈልገዋል።

ወደ ጎማ እንመለስ። እኔን ከጠየቅህ ከክንፍም፣ ከኤሌክትሪክም፣ ከትራክም በላይ ማለፍን የሚፈጥረው የጎማ ልዩነት ነው። በ2010 ካናዳ ላይ የብሪጅስቶን ጎማዎች ባልተጠበቀ ሁኔታ ቶሎ ቶሎ ያልቁ ነበር። ሰው ውድድሩን ወደደው። ፒሬሊ በ2011 ሲገባ እንደዚያ የሚያልቅ ጎማ ሥራልን ተባለ። ሾፌሮቹ አይወዱትም፤ ጎማ እያባበሉ መንዳት ያናድዳቸዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ምክንያቱም የአሥር ዙር ጎማ የያዘና የሰላሳ ዙር ጎማ የያዘ ሲገናኙ ልዩነቱ ዙሩን ሙሉ ነው፣ በተለይም ወሳኙ ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ጎማ ከመታጠፊያው ሲወጣ ይነክሳል። አሮጌው ይንሸራተታል። ቅድም ያልናት የመውጫ ክፍተት የምትዘጋው እዚያ ጋ ነው። አንዳንድ ትራክ ላይ በዙር የ1 ሰከንድ ልዩነት ካለ ማለፍ ይቻላል።

ሞናኮ ላይ ግን ምንም አይበቃም። 3.337 ኪሎ ሜትር የከተማ መንገድ፣ ጠባብ፣ እውነተኛ ቀጥታ የሌለው። በ1992 ናይጀል ማንሰል መጨረሻ አካባቢ አዲስ ጎማ አስገብቶ የሚመራውን አይርተን ሴናን በርሮ ደረሰበት። በግራ ይሞክራል፣ በቀኝ ይሞክራል፣ ሴና መንገዱን ሞልቶታል። በ0.2 ሰከንድ ልዩነት 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2018 ደግሞ ዳንኤል ሪካርዶ እየመራ ሳለ የነዳጁን ሞተር የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተበላሸ። 160 ያህል የፈረስ ጉልበት ጠፋበት። ከኋላው ፌትል በፌራሪ አለ። አላለፈውም! ሪካርዶ አሸነፈ። በ2024 ከ1ኛ እስከ 10ኛ የተሰለፉት በዚያው ቅደም ተከተል ጨረሱ። በ2025 ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጎማ መቀየር ግዴታ ሆነ። ምን ተገኘ? አንዳንድ ቡድኖች አንዱን ሾፌር ሆን ብለው እያዘገሙ ከኋላ ያለውን ሁሉ ማገድ፣ ለሌላው ሾፌራቸው ክፍተት መፍጠር ጀመሩ።

ለማነጻጸር የአሜሪካው ኢንዲያናፖሊስ 500 አለ። እነሱም ጎማቸው ክፍት ነው። ዲአርኤስ የሚባል ነገር ኖሯቸው አያውቅም። በ2013 መሪነቱ 68 ጊዜ ተለዋውጧል። ትራኩ አራት ማዕዘን፣ አራት መታጠፊያ ብቻ፣ ሁሉም ፈጣን፣ ቀጥታዎቹ ረጅም ስለሆኑ ስሊፕስትሪሙ ንጉሥ ነው። እንዲያውም እዚያ መምራት ኪሳራ ይሆናል፤ አየር እየሰነጠቅህ ነዳጅ ትጨርሳለህ፣ ሌላው በነፃ ይከተልሃል።

ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ፎርሙላ ዋን ዲአርኤስን አስወግዷል። በአዲሱ ደንብ ክንፎቹ በተፈቀዱ ቀጥታዎች ላይ ለሁሉም ይከፈታሉ፣ ለአሳዳጁ ብቻ አይደለም። አሳዳጁ በ1 ሰከንድ ውስጥ ከሆነ የሚያገኘው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የኤሌክትሪኩ ድርሻ ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አድጓል። መኪኖቹም በ10 ሳንቲ ሜትር ጠበዋል። ስለዚህ ባትሪ አዲሱ ጎማ እየሆነ ነው ማለት ትችላለህ። አንዱ መታጠፊያው መውጫ ላይ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። ሌላው ቆጥቦ ለቀጥታው መጨረሻ ያስቀምጣል። ፍጥነታቸው በዙር እኩል ሆኖ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ትልቅ ልዩነት ይፈጠራል። ሐሳቡ ከዲአርኤስ ይሻላል። ከፊት ያለውም ባትሪውን ቆጥቦ መልስ መስጠት ይችላልና።

እና ያ ሃያ ዙር ተለጥፎ የሚቀረው? አንዳንዴ በእውነት ተጣብቋል። ብዙ ጊዜ ግን ጎበዙ ሾፌር ተለጥፎ አይቆይም። አንድ ሁለት ዙር ይሞክርና ሆን ብሎ ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ተስፋ ቆርጦ አይደለም፤ ጎማውን እያቀዘቀዘ፣ ባትሪውን እየሞላ ነው። ከዚያ ወይ አንዴ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ወይ ከፊት ካለው በአንድ ዙር ቀድሞ ጎማ ወደሚቀየርበት ቦታ፣ ወደ ፒት ይገባል። በአዲስ ጎማ ንጹህ አየር ላይ አንድ ፈጣን ዙር ይነዳል። ያኛው በቀጣዩ ዙር ጎማ ቀይሮ ከፒት ሲወጣ ይህኛው ከፊቱ አልፏል። አንደርካት ይሉታል። የሚቀጥለውን ውድድር ከወንድምህ ጋር ስታዩ፣ ካሜራው የተጠጉትን ሲያሳይ እናንተ በጎን ያለውን የሰዓት ዝርዝር ተመልከቱ። ክፍተቱ ከ0.8 ድንገት ወደ 2.0 የሰፋበትን ሰው ያዙ።